አሥራ አንድ ደቂቃ

ፎቶው ዛሬም በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ተለጥፏል። እኔ መሃል ቆሜ አንዲት ቀጭን ወረቀት ወደ ላይ ይዣለሁ። ዙሪያዬን የከበቡት ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች እየሳቁ ያጨበጭባሉ። ከኋላችን የሲሚንቶ አፍ ያለው ጉድጓድ ይታያል። በየጠዋቱ ስገባ በአጠገቡ አልፋለሁ። አንሱልኝ እንዳልል ለምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ለባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ያልተናገርኩትም እሱኑ ነው። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ፣ አያቴ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር ቲጂ" እያሉ ይጠሩኛል። እንደ ድሬ ልጅነታቸው ሁሉም "አንቺ" ነው የሚሉኝ። ከሌላ አገር ተዛውሮ የሚመጣ መምህር በዚህ ነገር ክው ይላል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም ነበር። የውሃ ዑደትን በሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ቀስት በቀስት አድርጎት የሚወጣውን መምህር ስመለከት ደሜ ይፈላል። ልጆቼ በፈረቃ የምትመጣዋን ውሃ ሮቶ ውስጥ ለመሙላት ሌሊት እየተነሱ፣ ጠዋት ክፍል ገብተው ስለ አማዞን ወንዝ ይማራሉ። የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚነግራቸው የለም።

ስለዚህ አንድ የመስክ ጉዞ አሰብኩ። ከቤታችን ቧንቧ ተነስተን፣ የከተማውን ጥልቅ ጉድጓዶች አይተን፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ ወጥተን ሰው በእጁ የቆፈረውን ጉድጓድ እናያለን። በየቦታው ውሃውን እንመረምራለን። ፈቃድ ለማግኘት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተመላለስኩ። መመርመሪያውን ያገኘሁት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላቦራቶሪ ከሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከሩ ቀለማቸው የሚቀየር፣ ናይትሬት የሚባለውን ነገር የሚያሳዩ አራት ወረቀቶች ሰጠኝ። ስትሪፕ ይሏቸዋል። "አንድ ደቂቃ ጠብቀሽ ወዲያው አንብቢ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ቀለሙ መጥቆር አያቆምም" ብሎኛል። ማሸጊያውም ላይ ተጽፏል። አውቀው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አውቀው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባሶች ተጠጋግተን ወጣን። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አቧራው ጋብ ብሏል። ልጆቹ ከየቤታቸው ማንቆርቆሪያ ሥር የፋቁትን ነጭ ቅርፊት በፌስታል ይዘው መጥተዋል፤ የድሬን ውሃ የሚያውቅ ያንን ቅርፊት ያውቀዋል።

"አቦ ቲቸር፣ ይኼን ሁሉ ድንጋይ ጠጥተን እንዴት ነው እስካሁን ድንጋይ ያልሆንነው?" አለ ቢኒያም፣ የክፍሉ ቀልደኛ።

"አንተ ሆነሃል፤ ለራስህ አልታወቀህም" አለችው ሂክማ። ሂክማ ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር ግን ትገድላለች። ሰዓት መዝጋቢ ያደረግኋት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የአባቷን የእጅ ሰዓት እያየች እያንዳንዷን ነገር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

የከተማው ቧንቧና ጥልቅ ጉድጓዱ ላይ ሁለቱን ስትሪፖች ተጠቀምን። ሁለቱም ነጣ ያለ ሮዝ ሆኑ፤ ደህና ነው ማለት ነው። ቀልደኛው ሳይቀር አዛጋ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ቅር አለኝ። ልጆቹ የሚደነግጡበት ነገር ፈልጌ ነበር።

ከቢዮ አዋሌ ወረድ ብላ ያለች፣ ስሟን የማልጠቅሳት መንደር የደረስነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ጉድጓዱን የሚጠብቁት ሼህ ሙሳ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ለሰው ሁሉ "አንተ" የሚለው ምላሴ ለእሳቸው ሳላስበው "እርስዎ" አለ። የክዳኑ ቁልፍ በቀበቷቸው ላይ ነው። አማርኛቸውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ የመንደሩን ልማድ ነገሩን። ጠዋት ክዳኑን ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ኩባያ ራሳቸው፣ ሰው እያየ ይጠጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ የሚቀዱት።

"ለምን?" አለ ቢኒያም።

"ክፉ ከመጣ በእኔ ይጀምራ! ጠባቂ ማለት ይኼ ነው" አሉና ሳቁ።

ለእንግዳ ክብር ብለው ለእኔም አንድ ኩባያ ቀዱልኝ። "ከምርመራው በኋላ እጠጣዋለሁ" ብዬ ኩባያውን በግራ እጄ ያዝኩ። ዓይኔ ግን ከጉድጓዱ በላይ ያለው የጫት ማሳ ላይ ነበር። ማዳበሪያ ይደረግበታል፤ የከብቶች በረትም አጠገቡ ነው። ውጤቱን ወረቀቱን ሳልነክር በልቤ ጽፌዋለሁ።

ስትሪፑን ነከርኩና አወጣሁ። የቀረኝ ይህና አንድ መጠባበቂያ ብቻ ነው። ጥሩ አስተማሪ ደግሞ ብቻውን አያይም። "ሁላችሁም በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፤ ቀለሙ ሲለወጥ እዩት!" ብዬ ለመጀመሪያው ልጅ ሰጠሁት። ከእጅ እጅ እየተላለፈ ዞረ። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ወደ ፀሐይ አዙሮ ያያል።

"ቲቸር፣ ሰዓቱ..." አለች ሂክማ።

"ቆይ ሂክሚ፣ ሁሉም ይይ" አልኳት።

ሠላሳ ስምንቱንም ዞሮ እጄ ላይ ሲመለስ ደማቅ ሐምራዊ ሆኗል። ከቀለም ሠንጠረዡ ጋር አመሳከርኩት፤ ከመጨረሻው፣ ከአደገኛው ቀለም ጋር ገጠመ። ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው።

ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ተሰብስበው ያዩናል። ከእነሱ አንዷ ሐዋ ናት፤ የአምስት ወር ወንድ ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። በልጅነቴ ቀፊራ ገበያ ስመላለስ በተማርኩት ኦሮምኛ ለሁሉም አስረዳኋቸው፦ ይህ ውሃ ውስጥ ያለው ነገር አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፤ አዋቂን ቶሎ አይጎዳም፣ ጨቅላ ሕፃንን ግን ደሙን ያበላሽበታል። ያስተማርኩት ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያለ እውነት ነበር።

ሐዋ ፈገግ እንዳለች ተጠጋችኝ። "እኔ አፈላዋለሁ፣ ባርሲስቱ" አለችኝ፣ መምህርት ማለቷ ነው። "ጡቴ ስለማይበቃው የዱቄት ወተት እበጠብጥለታለሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ሳታፈዪ እንዳትሰጪው ስላለችኝ አንድም ቀን ሳላፈላ ሰጥቼው አላውቅም።"

"ማፍላት ለዚህ አይሠራም" አልኳት። "እንዲያውም ያባብሰዋል። በማፍላት አትድከሚ።"

ይህም መጽሐፍ ላይ ያለ እውነት ነው።

"ታዲያ ከየት እንቅዳ?"

"ለጊዜው ሌላ ቦታ ፈልጉ። እኛ ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ እንጽፋለን።"

ይኸው ነው መልሴ። ሌላው ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የማስተማሬ ማሳረጊያ እንዲሆን ደግሞ ሼህ ሙሳ የቀዱልኝን ኩባያ፣ ሁሉም እያየ፣ መሬት ላይ ደፋሁት። ሼህ ሙሳ የፈሰሰውን ውሃ ቆመው አዩት። ቀስ ብለው ክዳኑን መለሱና ቆለፉ። "አንቺ አስተማሪ ነሽ። አንቺ ያልሽው ይሁን" አሉኝ። ስልክ ተለዋወጥን። እየዘፈንን ወደ ድሬ ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ አመሰገኑኝ። ደብዳቤውን ጽፌ በእጄ ቢሮ አደረስኩ፤ ሳምንት አልፎም የመጣ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ የልጆቹን ሪፖርት አርማለሁ። የሂክማ ላይ ደረስኩ። በዚያች ጥንቅቅ ባለች ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ "ስትሪፑ የተነከረው 4፡20። ከሠንጠረዡ ጋር የተመሳከረው 4፡31። በመመሪያው መሠረት በአንድ ደቂቃ ውስጥ መነበብ ነበረበት። ይህ ውጤቱን ለውጦት ይሆን? ቲቸር፣ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ልሆን እችላለሁ።"

ሪፖርቱን አጠፍኩና ተነሳሁ።

ከጉድጓዱ የቀዳነው አንድ ጠርሙስ ውሃ ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የቀረችውን ስትሪፕ ይዤ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ነከርኩ፣ አወጣሁ፣ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ነጣ ያለ ሮዝ፣ ልክ እንደ ከተማው ቧንቧ። ደህና ውሃ። ናሙናው ስለቆየ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ስሞክር፣ ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ እያየኋት ትጠቁራለች። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ያው በፎቶው ላይ ያለው ሐምራዊ ሆነች።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ እዚህ ላይ ነውና። የሼህ ሙሳ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። "ሼህ ሙሳ፣ ተሳስቻለሁ፣ ጉድጓዱን ይክፈቱት" ማለት ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ቅዳሜ በአካል ሄጄ በወጉ አስረዳለሁ አልኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር። እፍረት ነበር። በሠላሳ ስምንት ተማሪ ፊት የደፋሁትን ኩባያ መልሼ ማንሳት አቃተኝ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ የቀሩትን ሪፖርቶች አረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። እስከ ቢዮ አዋሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላቸው ስለማመድ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ቀልድ ሁሉ አዘጋጅቼለት ነበር፤ "አስተማሪም ይወድቃል" የሚል።

ጉድጓዱ በእሾህ ታጥሯል። ልጆች እንዳይቀርቡት ነው። ሼህ ሙሳ ከእሾሁ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"መጣሽ? ደግ አደረግሽ። ለሐዋ ለቅሶ ነው አይደል የመጣሽው? ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"የምን ለቅሶ?"

"ልጇ። ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርነው።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሼህ ሙሳ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ሰዉ ጉድጓዱን ከተወ ወዲህ ከታች ካለው፣ ዝናቡ ከሞላው የከብቶች ኩሬ ነው የሚቀዳው። ሐሙስ ጠዋት ሕፃኑን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ጤና ኬላ ወሰዱት፤ ወደ ድሬ ሆስፒታል ውሰዱት ተባሉ። ባጃጅ ውስጥ፣ ከተማው ሊታይ ሲል፣ በእናቱ እቅፍ ዝም አለ።

ሐሙስ ጠዋት። እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ የመለስኩት ረቡዕ ከሰዓት ነው።

"ሼህ ሙሳ" አልኩ። "ጉድጓዱ ምንም የለበትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቶሎ ማንበብ ነበረብኝ፣ አላነበብኩትም።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው እሾሁን በእጃቸው መጎተት ጀመሩ። እጃቸው ደማ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ባልዲውን ጣሉ፣ አንድ ኩባያ ቀድተው ጠጡ። ሁለተኛውን ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁት። ድምፅ ሰምተው ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ። ሼህ ሙሳ ጮክ ብለው፣ ውሃው ጤነኛ ነው፣ መምህርቷ ራሷ መጥታ ተናግራለች፣ ቅዱ አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አንዲት ጠና ያለች ሴት ከመሃል "ባለፈው መርዝ አለው አልሽን፣ አመንንሽ" አለችኝ። "አሁን የለውም ትያለሽ። በየትኛው ቀን ነው የምናምንሽ?"

ሼህ ሙሳ ደግመው ቀድተው ጠጡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

የሐዋ ቤት ስገባ ለቀስተኞቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ሐዋ አይታኝ ተነሳችና እጄን ይዛ ሳመችው። "ገለቶሚ፣ ባርሲስቱ" አለችኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። "አንቺ ባትመጪ ኖሮ የስንቱ ልጅ ባለቀ ነበር። የእኔ ግን አስቀድሞ ጠጥቶት ኖሯል። ያ የጉድጓዱ መርዝ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ነው የገደለው። ምነው ትንሽ ቀደም ብለሽ በመጣሽ?"

እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ኖሮ ሐዋ ዛሬ ጥፋቱ የጉድጓዱ ነው እያለች ትኖር ነበር። ግን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም፤ እውነት መናገር ሁልጊዜ ደግ ነገር ነው ብዬ ስላደግሁም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን፣ ደቂቃውን፣ ረቡዕን።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጥራ፣ የሆነ ነገር እንደምታሰላ ሰው ሆና ቆየች።

"እንግዲያው የጉድጓዱ ውሃ ደህና ነበር" አለች።

"አዎ።"

"የገደለው የኩሬው ነው።"

"አዎ።"

"የኩሬውን አላፈላሁትም። ማፍላት አይሠራም አላልሽኝም? ከዚያን ቀን ወዲህ አፍልቼ አላውቅም።" እጆቿን ወደ ፊቷ አቅርባ፣ መጀመሪያ መዳፏን፣ ከዚያ ጀርባውን አየችው። "እንግዲያው በዚህ እጄ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ ሐዋ! እኔ ነኝ እንጂ!" እያልኩ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አልሰማችኝም። ያው እጇን እያየች ነበር። ሴቶቹ አንስተው አስወጡኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ተጠንቀቁ ልበላችሁ? እኔም ተጠንቅቄ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ተናገሩ ልበላችሁ? እውነቱን የተናገርኩት ለማን ብዬ እንደነበረ እያደር ገብቶኛል፤ ሸክሙ ከብዶኝ ከእኔ ላይ አንስቼ፣ ያንኑ ሸክም ልጇን ትናንት በቀበረች እናት ላይ ጫንኩት። ዝም ብል ደግሞ ውሸቴ ውስጥ አስቀምጬ እተዋት ነበር። መልካም የሚባል መንገድ ቀርቶልኝ ከነበረ ረቡዕ ከሰዓት ነበር፤ ስልኩ እጄ ላይ እያለ።

ማስተማሬን አልተውኩም፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ስለ ውሃ ሳስተምር ግን ሰሌዳ ላይ ዑደቱን እሥላለሁ፣ ቀስቱን አስገባለሁ፣ ደወል ሲደወል እወጣለሁ። ደሜ ይፈላበት የነበረውን መምህር ሆኛለሁ። ልጆቹ "ቲቸር፣ መቼ ነው እንደ በፊቱ የምትወስጂን?" ይሉኛል። ፈቃድ የለም እላለሁ። ሂክማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሪፖርቷ ላይ ሃያ ከሃያ ሰጥቼ "በጣም ጥሩ" ብዬ መለስኩላት። ጥያቄዋን ግን አልመለስኩላትም። ይህን ታነቢው ከሆነ፣ ሂክሚ፣ የተሳሳትሽው አንቺ አልነበርሽም።

ሼህ ሙሳ አንዳንዴ ይደውሉልኛል። ደኅንነቴን ሊጠይቁ ነው የሚደውሉት፣ እሳቸው እኔን። ጉድጓዱን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይከፍቱታል፤ የመጀመሪያውን ኩባያ ይጠጣሉ፤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሰዉ በጎናቸው አልፎ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ከዚያ ጉድጓድ የምትቀዳ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ሐዋ። አምናኝ ይሁን፣ ወይስ ውሃው መርዝ ቢሆን ብላ እየተመኘች፣ ሼህ ሙሳም አያውቁም፣ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጄሪካኗን ሞልታ ቤቷ ትገባለች አሉኝ። ከዚያ እሳት አንድዳ፣ የምታጠጣው ሕፃን በሌለበት ቤት፣ ቁጭ ብላ ታፈላዋለች።